የእትዬ ዘውድነሽ የቸኮሌት ኳስ

እትዬ ዘውድነሽ መሞታቸውን የነገረችኝ ሚዛን ተፈሪ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ናት። እኔ ወደ ቦንጋ ከተዛወርኩ ቆይቻለሁ። "አከራይሽ አረፉ" አለችኝ በስልክ፤ ቀጥላም ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ጭቃ አወራችኝ። "ነፍሳቸውን ይማር" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አዝኛለሁ፣ አልዋሽም። ከሐዘኑ ሥር ደግሞ እፎይ የሚያሰኝ ነገር ነበረበት። ከእንግዲህ በዚህ ምድር ላይ "ይሄን ፊት ይዘሽ ነው ክፍል የምትገቢው?" የሚለኝ ሰው የለም።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማንሣት ደንብ ነው። እሳቸው ግን ለዚህ ደንብ ግድ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ለቅሶ አብረን ሄድን። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ደረቷን እየደቃች "መከታዬ! የቤቴ ምሰሶ!" ስትል፣ እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "የቱ ምሰሶ? ያ አጥር ተደግፎ የሚገባው?" አሉ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሴትዮዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ዕንባዋም ያኔውኑ ደረቀ። ስለዚህ እኔም ስለ እሳቸው ሳወራ ሳልቀባባ ባወራ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

ቤታቸውን የተከራየሁት መምህርነት ተመድቤ ከአጋሮ ወደ ሚዛን የመጣሁ ጊዜ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ካሉት የሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ልከራይ ዝናብ እየደበደበኝ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ደረስኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"እስላም ነሽ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጥሩ። ከድስቴ አትደርሺ፣ ከድስትሽ አልደርስም። ሥራሽ ምንድን ነው?"

"መምህርት ነኝ። የሒሳብ።"

"እንዲህ ከስተሽ? ልጆቹ አንድ ቁጥር መስለሻቸው ይደምሩሻል!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ነጃት መሆኑ ቀረና "መምህርት" ሆንኩ። ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ግን ጠዋትና ማታ ሾርባ ይዘው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ "ብትሞቺ እዚህ እንዳትሞቺ፤ ሬሳ የወጣበትን ክፍል ማንም አይከራየኝም" ይሉኛል። ሾርባው ጣፋጭ ነበር። ከሠራተኛቸው ጋር ተጣልተው በራሳቸው እጅ እንደሠሩት በኋላ ሰማሁ። ምስጋናዬን ስነግራቸው "ውጪ ከፊቴ" አሉኝ።

ከተማው እሳቸውን የሚያውቃቸው በቸኮሌት ኳሳቸው ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የልጅ ልደት ያለበት ቤት ሁሉ ከኬኩ ጎን የእትዬ ዘውድነሽ ኳስ ካልተደረደረ ድግሱ ጎደለ ይባላል። ከቴፒ ሳይቀር ይታዘዛል፤ ያን ቀን ሙቀቱ ሳይበረታ እንዲደርስ ማለዳ መኪና ላይ ይጫናል። ሙያውን የተማሩት ከእህታቸው ልጅ ነው። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥታ፣ በስልኳ ቪዲዮ እያየች አንድ ሳህን ሠራችላቸው። አመሰገኗት። አውቶቡስ ተሳፍራ እንደሄደች ሳህኑን እንዳለ ለጎረቤት ውሻ ገለበጡለትና በማግሥቱ እሳቸው በራሳቸው መንገድ ሠሩት።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ጥቁሩን ብስኩት በፌስታል ከተው በጠርሙስ ይዳምጡታል፤ ዱቄት እስኪሆን ግን አይፈቅዱም፣ "ጥርስ የሚያገኘው ነገር ይኑረው" ይላሉ። ከጣፋጩ የጣሳ ወተትና ከለሰለሰ ቅቤ ጋር ያሹታል። ቆንጠር አድርገው ኮረሪማ፣ ከዚያም የላመ ቡና ይጨምራሉ። በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ ፍሪጅ ይከቱታል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ድስቱን በርሜል ውኃ ላይ ያንሳፍፉታል። በመጨረሻ ቸኮሌቱን በፈላ ውኃ እንፋሎት ያቀልጡና እያንዳንዱን ኳስ በስቴኪኒ ወግተው ያጠልቁታል፤ እንዲደርቅም ኮባ ላይ ይደረድሩታል። ከኮባው ሲነሣ ሥሩ እንደ ጫማ ቀለም ያበራል። ምድጃ ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም። "ይሄማ ማንም ይሠራዋል" የሚል ደንበኛ የገጠማቸው ጊዜ ግን ሽርጣቸውን ፈትተው አንገቱ ላይ ያጠልቁለትና በረንዳ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። ሰውዬው ይቅርታ እስኪጠይቅ አይነሡም።

እሳቸው የሠሩትን አይቀምሱም፤ ስኳር አለባቸው። አንዱን ለሁለት ይሰብሩና ግማሹን ለአጠገባቸው ሰው ይሰጣሉ። ከዚያ ዓይናቸውን የሚያኝከው ሰው ፊት ላይ ይተክላሉ። ብዙ ጊዜ የሚያኝከው ሰው እኔ ነበርኩ። "ዋሽተሻል፤ ወተቱ በዝቷል" ይሉኛል፣ እኔ ገና ምንም ሳልናገር። እውነትም በዝቶ ይገኛል።

ሙያውን ልማር ብለው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። እትዬ ዘውድነሽ መጀመሪያ የልጅቷን እጅ ይቀበሉና ሙቀቱን ለማወቅ ከራሳቸው አንገት ሥር ያስጠጉታል። "ይሄ እጅ ነው ወይስ ምጣድ? ቸኮሌት ካንቺ ጋር አይኖርም፤ ሂጂ ሽሮ አማስይ" ብለው ይመልሷቸዋል። አንዷ ከበር ላይ ቆማ ስታለቅስ "ዕንባሽም ትኩስ ነው" አሏት። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ የልጆችን ፈተና ሳርም ይሄን እሰማለሁ። አንዳንዴ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር፤ ጭካኔያቸው ያስቃል፣ ክፉነቱ እሱ ላይ ነው።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ሄኖክ ይባላል። ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ይሠራል። ቁመና የሰጠው፣ ጥርሱ የሚያምር፣ እናቱ ፊት ሲቆም ግን እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋው ሰው ነው። እሱ ነው ብርቱካንን ያመጣት። ብርቱካን ከዚያው አካባቢ፣ ከሸዋ ቤንች ወረዳ የመጣች የቤንች ልጅ ናት። ሚዛን ከአክስቷ ጋር እየኖረች አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቤተሰቦቿ ጴንጤ ናቸው። ሄኖክ ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ ያለ እናቱ ምርቃት ግን ሽማግሌ እንደማይልክ ነገራት፤ እሷም እንደምትወደው ለእኔ ስትነግረኝ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ እሺም እምቢም አላሉም። "ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣና ሙያ ትማር፤ እናያለን" አሉ።

መጣች። እጇን ተቀብለው አንገታቸው ሥር አቆዩት።

"የሬሳ እጅ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጥሩ ነው።"

በቤታቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን መከራ ነበር። ያልተስተካከለ ኳስ ካገኙ በጣታቸው ጨፍልቀው "እንደገና" ይላሉ፤ የተስተካከለውንም አንዳንዴ ይጨፈልቁታል። ደንበኛ ሲመጣ አማርኛዋን እየቀዱ ያስቃሉ። ብርቱካን መጀመሪያ አካባቢ አብራ ትስቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ስቴኪኒውን ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ በትሕትና "እትዬ፣ እርስዎም አንዲት ቃል በቤንችኛ ቢሉልኝ እኔም በሳቅኩ" አለቻቸው። እዚያው ሚዛን ተወልደው፣ ሚዛን ወልደው፣ አንዲት ቃል የላቸውም። ኳስ ልታዝ የመጣች ደንበኛ ወደ ጣሪያው አየች። እትዬ ዘውድነሽ ከዚያ ወዲያ አማርኛዋን ደግመው አልቀዱም። እኔ ተሸነፉ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ቂሙን የያዙት ያኔ ነው።

ብርቱካን በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ውስጥ ጎበዝ ሆነች። ጎበዝ ማለት ያንሳታል። ኳሱን ሳታይ ታድቦለቡላለች፤ እያወራችኝ፣ እየሳቀች፣ ሁሉም እኩል ይወጣል። አንድ ቀን ግማሹን ሰጥታኝ ሳኝክ እትዬ ዘውድነሽ እንደለመዱት ፊቴን አዩ። ጉድለት አላገኙበትም። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ፋሲካ አለፈ። የማርያም ማኅበራቸው ተራ እሳቸው ጋ ደረሰና አርብ ላይ ዋለ። ብርቱካንን ጠሩና እኔ እየሰማሁ እንዲህ አሏት፦

"ለማኅበሩ ኳሱን አንቺ ትሠሪዋለሽ፤ ብቻሽን። እኔ እጄን አላስገባም። ካማረልሽ የነፍስ አባቴና ማኅበርተኞቼ ፊት አቁሜሽ ምራቴ ናት እላለሁ። ሄኖክም በማግሥቱ ሽማግሌ ይልካል።"

ብርቱካን ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ "አርብ ነው አይደል፣ እትዬ? የጾም ላድርገው?" አለች።

"ለዚህ ቤት ምራት ልትሆኚ የመጣሽው ልጅ ይሄን እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አሉ። ሌላ መልስ አልሰጧትም።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኔም የማላውቅ ነበርኩና። ኦርቶዶክሶች ረቡዕና አርብ ይጾማሉ፤ ይሄን ሚዛን ላይ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕም አርብም አይጾሙም፤ ትንሣኤ ነውና ጭራሽ አይፈቀድም። ይሄን እኔ ከአጋሮ የመጣሁ የሙስሊም ልጅ አላውቅም። የጴንጤ ቤት ልጅ የሆነችው ብርቱካንም አታውቅም። አፍራ ደግማ አልጠየቀቻቸውም፤ ለሄኖክ ቴፒ ደወለች። "አርብማ ጾም ነው እንጂ! ምን ያጠራጥራል?" አላት። እሱ በሁዳዴም ቁርጥ የሚበላ ሰው ነው፤ የቱ አርብ እንደሚጾም የቱ እንደማይጾም አስቦትም አያውቅ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርቱካንን ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። የጣሳ ወተቱም ቅቤውም የለም። የወተት ዘር የሌለበት ብስኩት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞራለች። በወተቱ ፋንታ ከማሻ ከተማ የመጣ የጫካ ማር፣ በቅቤው ፋንታ ራሷ ቆልታ የወቀጠችው ለውዝ ነበራት። "በጾም እንዳላሳፍራቸው" አለችኝ። ግንባሯ ላብ አውጥቷል፤ እጇ ግን እንደዚያው ቀዝቃዛ ነው። እትዬ ዘውድነሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በክፍቱ በር ያዩናል። ማሩንም፣ ለውዙንም፣ ወደ ጥግ የተገፋውን ያልተከፈተ የወተት ጣሳም አዩ። ከዚያ ምን አሉ?

"ማሩ ሰም አለበት፤ በወንፊት አጥሪው።"

ወንፊቱንም ራሳቸው አምጥተው አቀበሏት። ብርቱካን እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው። በሕይወቴ ካየሁት ክፋት ሁሉ የሚዘገንነኝ ይሄ ነው፤ ስድቡ አይደለም፣ ወንፊቱ ነው።

አርብ ጠዋት ብርቱካን ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሥራ ላይ ነበረች። እትዬ ዘውድነሽ የቀጠሯት ወጥ ሠሪ መጥታ ዶሮ ስትሠራ ብርቱካን አላየችም። "ከበሉ በኋላ ነይ፤ በፊት እንዳትመጪ" ተብላለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእሷ ጋር በር ላይ ተገናኘን። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ኳሶቹን በኮባ በተሸፈነ ትሪ ደርድራ፣ ሽርጧን አስራ ሳሎን ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ማኅበርተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ቄሱ መካከል ላይ ናቸው። እትዬ ዘውድነሽ ጥግ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አጣምረዋል። ብርቱካን ቄሱ ፊት ዝቅ አለችና ስታጠናው በዋለችው አማርኛ፣ ጥርት አድርጋ፣

"አባ፣ አይስጉ፣ የጾም ነው፤ ወተትም ቅቤም የለውም" አለች።

ከቄሱ ፊት ያለውን የዶሮ አጥንት ያየችው ከተናገረች በኋላ ነው።

ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ዘውድነሽ ቀደሟቸው።

"ሰማችሁ?" አሉ። "በትንሣኤው ጾም አወጀችብን! ሃምሳው ቀን እንኳ ሳይወጣ! ጌታ ተነሥቷል ብለን በልተን ስናበቃ፣ የለም ተመለሱ ትለናለች።"

አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ክፋት የሌለባቸውም ሳቁ፤ ሳቅ እንዲህ ሲጀመር ይዞ ይሄዳል።

"ተዉ እንጂ ወይዘሮ ዘውድነሽ" አሉ ቄሱ። "ልጅቷ ለእኛ ተጨንቃ ነው። የጾም ምግብ በፍስክ ቀን ቢበላ ማንን ይጎዳል?" አንዱን አንሥተው በሉ። ፊታቸው ተለወጠ። ሁለተኛ አነሡ። ከጎናቸው ያለችውም ሴትዮ ወሰደች፤ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ። እትዬ ዘውድነሽ የሚያኝከውን ሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ አዩ።

ብርቱካን ወደ እሳቸው ዞረች።

"እትዬ፣ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ማሩንም ሲያዩ ነበር።"

"አይቻለሁ። ወንፊትም ሰጥቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሳይነግሩሽ የምታውቂ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። አየሁ። ፋሲካን ከጾም የማትለይ ምራት ለኔ አትሆነኝም።"

ይሄን ሲሉ ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም። ብርቱካን ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ለቄሱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ተከትያት እስከ አጥሩ በር ሮጥኩ፤ "ተመለሺ፣ አትከተይኝ" አለችኝ። አንጀቴ ተቃጠለ።

በማግሥቱ ሄኖክ ከቴፒ በሞተር መጣ። ብርቱካንን አስጠርቶ በር ላይ አቆማት። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ሰማሁት።

"ይቅርታ ጠይቂያት፤ እናቴ ናት፤ ይበርድላታል።"

"አርብ ጾም ነው ያልከኝ አንተ ነህ።"

"እኔ እንዴት አውቃለሁ? መቼ ጾሜ አውቃለሁ?"

"ታዲያ አላውቅም ማለት አቅቶህ ነው?" አለችው። ቀለበት የመሰለ ነገር ከኪሱ ሲያወጣ እሷ አስፋልቱን ተሻግራ ነበር። የእነሱ ነገር ያለቀው በዚህ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኩሽና ስገባ እትዬ ዘውድነሽን ቆመው አገኘኋቸው። ከትሪው የተረፈ አንድ ኳስ ኖሯል። እያኝኩ ነው። ሲቀምሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስኳሩን አስቤ ደነገጥኩ። እስኪውጡ ቆዩና፣

"ከኔ ይሻላል" አሉ።

"ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጓት?" አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ እንዲያ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

"ታዲያማ ለዚሁ ነዋ" አሉኝ። እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

ጉዱ በከተማው ተወራ፤ የኳሱም ጣዕም አብሮ ተወራ። በሚቀጥለው ሁዳዴ የጾም ኳስ የፈለገ ሁሉ ብርቱካን ጋ ሄደ፤ የፍስኩንም ጭምር እሷው ጋ ማዘዝ ጀመሩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ትታ በአክስቷ ጓሮ የራሷን ሥራ ከፈተች። ከማኅበርተኞቹ አንዷ የልጇን ሠርግ ለእሷ ስትሰጥ እትዬ ዘውድነሽ ሴትዮዋን ከማኅበር ለማስወጣት ሞከሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሥራቸው እየሳሳ ሄደ። ቀጥሎ ስኳሩ በረታባቸው። አንድ እግራቸውን አስቆረጣቸው፤ ዓይናቸውንም አደበዘዘው። ሠራተኛ ቢቀጠር አይበረክትም፤ ከአልጋቸው ሆነው በምላሳቸው ያባርሩታል። ሄኖክ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያለ በበዓል ብቻ ይመጣል። ሳያገባ ቀርቷል።

ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ልጠይቃቸው ከቦንጋ ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ ብርቱካንን አገኘኋት። ወፈር ብላ አምሮባታል። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ትንሽ አሰበችና "እኔም እሄዳለሁ፤ ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው" አለች። አቮካዶ ገዛችና በባጃጅ አብረን ሄድን።

ማኅበርተኞቹ አልጋቸውን ከበው ተቀምጠው ነበር። ቤቱ የመድኃኒት ሽታ አለው። ትልቅ የነበሩት ሴትዮ ብርድ ልብሱ ውስጥ የልጅ ያህል ሆነዋል።

"ማነው?"

"ነጃት ነኝ፣ እትዬ።"

"መምህርት! አሁንም ከስተሻል? ዓይኔ ባያይም ከድምፅሽ አውቀዋለሁ። ሌላዋስ?"

"ብርቱካን ነኝ፣ እትዬ።"

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ዘውድነሽ በክርናቸው ተደግፈው ለመነሣት ታገሉ፤ አንዷ ትራስ ደገፈችላቸው። ፊታቸው ላይ ያን ጊዜ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ የሚለምን ሰው ፊት ነበር።

"ቦታ ልቀቁላት" አሉ። "አጠገቤ አስቀምጧት። ምራቴ ናት።" ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ሰማችሁ? ምራቴ ናት አልኩ!"

ከሴቶቹ አንዷ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ብርቱካን አቮካዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልተቀመጠችም።

"አይደለሁም፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"ምራትዎ አይደለሁም። ታመዋል ቢሉኝ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ሄኖክ እኮ አላገባም።"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔ ፈቅጃለሁ። ይኸው በሰው ፊት ፈቀድኩ።"

"እኔ አልፈቀድኩም" አለች ብርቱካን።

እትዬ ዘውድነሽ ከትራሱ ተንሸራተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብርቱካን ተገቢውን ያህል ቆመች፣ የሚጠየቀውን ጠየቀች፣ "እግዚአብሔር ይማርዎት" ብላ ወጣች። ተከተልኳት።

ደጅ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋ አሳዝነውኛል፤ ያሳዝኑኛል ብዬ ባላስብም።

"ዛሬ እንኳ ብታልፊያቸው ምን ነበረበት?" አልኳት። "ሊሞቱ ነው እኮ። ዝም ብትዪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?"

"ዝም ብዬ ምራታቸው ሆኜ ላጥባቸው? ልጃቸውን ላባብል?"

"እንዲያ አላልኩም።"

"ደስ አለሽ ወይ ልትዪኝ ነው የፈለግሽው" አለች። ባጃጅ አስቆመች፤ አንድ እግሯን አስገብታ ወደ እኔ ዞረች። ዕንባ ፈለግሁባት፤ አልነበረም። "አንጀቴ ራሰ" አለችኝ፣ ልክ እንደ እሳቸው፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ።